ባዶ ነው የተባለው ምንሽር

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ከባለቤቴ ጋር ጎጆ ወጥተን በምንኖርበት ዘመን። ረስቼው አላውቅም። ቁጭ ብዬ እንድጽፈው ያደረገኝ ግን ያለፈው ጥር ነው።

የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ቡሬ ሄጄ ዳስ ውስጥ ከዘመድ ጋር ተቀምጫለሁ። ከፊት ለፊቴ ያለ አንድ ወጣት ጨዋታ አመጣ። ድሮ በእነሱ አገር አንድ አናጢ ነበር አለ። የሊቀመንበሩን ጠመንጃ አሳምራለሁ ብሎ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ሚስቱ ላይ ተኮሰባት። ሚስትየዋም ደንግጣ የሊጥ ገንዳ ውስጥ ተዘፈቀች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ማን ነገረህ አልኩት። አባቴ ነው፣ ሁልጊዜ ሲያወራው ነው ያደግነው አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ሠርግ ላይም ጠብ አይነሳም ብዬ ዝም አልኩ። ሚስትየዋ እኔ ነኝ። ሊጥ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚያስቅም ነገር አልነበረም። እንደሆነው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ታከለ ይባላል። አናጢ ነው። አባቱ ከአገው ምድር መጥተው ቡሬ አጠገብ የሰፈሩ ሰው ነበሩ፤ ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሞፈርና ቀንበር ይሠራ ነበር። ከቤታችን ጓሮ፣ ከጭስ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ከግንድ የተጠረበ የሥራ ጠረጴዛ ነበረው። እኔም ከእርሻውና ከቤቱ ሥራ በተረፈኝ ጊዜ መጋዙን በአንድ በኩል ይዤ አግዘው ነበር።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አያሌው የሚባል ሰው ነበር። መሬት ሲከፋፈል ገመዱን ይዞ የለካልን እሱ ነው፤ የምናርሰውንም ያገኘነው በእሱ ፊርማ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን የሰጠን መሬት መልሶ ሊወስደው እንደሚችል እሱም እኛም እናውቅ ነበር። ስለዚህ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። እሱም ብድግ ያላለውን አይረሳም።

ይህ ሰው አንድ ምንሽር ነበረው። ከድሮ ባላባት ተወርሶ ለማኅበሩ የተሰጠ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ሰደፉ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚደገፈው እንጨቱ፣ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል። ብረቱን ዝገት በልቶታል። የአብዮቱ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በበዓሉ የየማኅበሩ ሊቃነ መናብርት ጠመንጃቸውን ይዘው ቡሬ ላይ ይሰለፋሉ። የሌሎቹ ያብረቀርቃል፤ የእሱ በጠፍር የታሰረ ነው። ይህ እንዳንገበገበው ሰው ሁሉ ያውቃል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታጣቂዎቹን አስከትሎ ቤታችን መጣ። ዱላ የያዙም፣ ጠመንጃ የያዙም ነበሩ። ምንሽሩን ለታከለ ሰጠውና ከዋንዛ እንጨት አዲስ ሰደፍ እንዲሠራለት፣ ዝገቱን እንዲያጸዳለት፣ የማንገቻውንም ቀለበት እንዲቀይርለት አዘዘው። አዘዘው ነው የምለው፤ ትችላለህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም። ታከለ ጠመንጃ ነክቶ እንደማያውቅ ሊያስረዳው ሞከረ። እሱ ግን እንጨት እንጨት ነው አለው።

እኔ በርጩማ አምጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። ጠመንጃ ቤቴ ሲገባ ደስ አላለኝም። ደፈር ብዬ ጠየቅሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥይት የለበትም አይደል?»

ታጣቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ በእኔ የሳቁ መስሎኝ አፈርኩ። አያሌው ፊቱ ጠቆረ።

«ባዶ ነው» አለኝ። «አንችን ደግሞ ማን አስገባሽ?»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ያቀረብኩላቸውን ጠላ ጠጥተው ሄዱ።

ታከለ በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። አዲሱን ሰደፍ መጥረብ አላስቸገረውም። ዋንዛው ደረቅና ጥሩ ነበር፤ አለስልሶ ሲጨርስ እኔም እጄን አሳርፌበት ወድጀዋለሁ። ያስቸገረው አሮጌውን ማውለቅ ነው። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የያዙት ብሎኖች ዝገው አንድ ሆነዋል። የፊተኛውን በብዙ ትግል ፈታው። አፈሙዙን የያዘውንም የብረት ቀለበት በትንሽ በትንሹ እየገፋ አወጣው። የኋለኛው ብሎን ግን አልነቃነቅ አለ። እሱን በደንብ ለመያዝ ደግሞ መቀባበያው፣ ጥይት ሲጎርስ ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት፣ መከፈት አለበት። መቀባበያውም ከነአካቴው ተጣብቋል። ታከለ በሁለት እጁ እየሳበ አቃተው። እኔም ሞከርኩ። የድንጋይ ያህል ነው።

ታከለ ጥንቁቅ ሰው ነው። መቀባበያው ካልተከፈተ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ይህ ነገር ደስ አላለኝም ብሎ ተነሥቶ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደ። እንዲህ ብሎ እንደነገረው አውቃለሁ፤ ሲመለስ አንድ በአንድ አጫውቶኛል። መቀባበያው አልከፈት ብሏል፤ ውስጡን አላየሁትም፤ ፍኖተ ሰላም ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው አለ ይባላልና እዚያ ይላክልኝ ብሎ ለመነው። አያሌው ተቆጣ። የማኅበሩ ጠመንጃ ዝጎ ተጣበቀ ተብሎ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስሜ ይነሳ እንዴ አለ። በዓሉም ደርሷል አለ። ከዚያ መላውን ራሱ ነገረው። ላምባ አጠጣው፤ ከዚያ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፤ ይለቃል አለው።

ይህን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው ነው ያለው።

ላምባ በዚያ ጊዜ እንደልብ አይገኝም። ከማኅበሩ ሱቅ በወረፋ የምናገኛት ጥቂት ነበረች። እሷን በጨርቅ እየነከርን ብረቱ ላይ ጠመጠምናት። እኛ ማታ ማታ በምድጃው ብርሃን ራት እየበላን የሊቀመንበሩ ጠመንጃ ላምባችንን ሲጠጣ ሰነበተ። ታከለ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ይሞክረዋል፤ አይሆንም። በዓሉ እየቀረበ ሲሄድ ጭንቀቱ ከፊቱ ይነበብ ጀመር። ታጣቂዎቹም በደጃችን ባለፉ ቁጥር አልደረሰም ወይ ይላሉ።

የደረሰብኝ ዕለት ዝናብ አባርቶ ፀሐይ የወጣበት ጠዋት ነበር። ታከለ ጠራኝና ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አጋድሞ ያዥልኝ አለኝ። አፈሙዙ ወደ ጭስ ቤቱ ግድግዳ ዞሯል። እኔ ከጎኑ ተንበርክኬ ብረቱን በጨርቅ ያዝኩት። ትዝ ይለኛል፣ ባዶም ቢሆን አፈሙዝ ፊት አትሁኝ ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን አስጠጋኝ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ስላስጠጋኝ ነው።

መጀመሪያ ብሎኑን ያዘው። መፍቻውን አስገብቶ ሲመታው ከረር የሚል ድምፅ ሰጠና ተነቃነቀ። ላምባው ሠርቷል። ታከለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከብዙ ቀን በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሞቅታ መቀባበያውን በእንጨት መዶሻ ከታች ወደ ላይ መታ መታ አደረገው። እሱም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ ደገመው።

ድምፁን ሰማሁት ብዬ አልዋሽም። ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር የተሰበረ ያህል ተሰማኝ እንጅ ተኩስ መሆኑን አላወቅሁም። ጉንጬ ጋለ። ጭስ ሸተተኝ። ዓይኔን ስገልጥ ታከለ ፊቴ ላይ አጎንብሶ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይሰማኝም። አንገቴ ላይ ትኩስ ነገር ሲወርድ እጄን ልኬ አየሁት፤ ደም ነው። ከጭስ ቤቱ በር ሥር ውኃ እየፈሰሰ ይወጣል። ጥይቱ ግድግዳውን በስቶ ገብቶ እንስራዬን ሰብሮት ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያ ቤት እሳት ሳነድ ነበር።

ታከለ ጥይቱ እኔን ያገኘኝ መስሎት አንገቴን፣ ደረቴን፣ ጀርባዬን እየዳበሰ ያለቅሳል። በሕይወት መኖሬን ለማሳመን እጁን ይዤ ደጋግሜ ነቀነቅሁት።

ተኩስ ሲሰማ ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩም ታጣቂዎቹን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ቀኝ ጆሮዬ በዚያን ሰዓት ጭል ጭል እያለ መስማት ጀምሯል። አያሌው ወደ እኔ አላየም። ደሜ ነጠላዬን አልብሶታል፤ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ አላየኝም። መጀመሪያ ያደረገው ምንሽሩን ከመሬት አንስቶ በኮቱ እጅጌ መጥረግ ነው። ከዚያ ወደ ታከለ ዞሮ ጠየቀው።

«ጥይቱን ከየት አመጣኸው?»

ታከለ አልገባውም። እኔም አልገባኝም። ሰውየው ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይናገር ጀመር። ጠመንጃውን ባዶውን ነው የሰጠሁት አለ። ይህ ሰው የደበቀው ጥይት አለው አለ። የማኅበሩን ጠመንጃ ለማበላሸት፣ በዓሉንም ለማደናቀፍ አስቦ ነው አለ። ፀረ አብዮት የምትለዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰዉ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ያች ቃል የተለጠፈበት ሰው ቡሬ ይወሰዳል፤ ከቡሬ ወዴት እንደሚያልፍ ቤተሰቡ አይነገረውም።

እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ አንቱ ነዎት ባዶ ነው ያሉኝ፣ ጠይቄዎት ነበር አልኩ። ምን ያህል ጮኬ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ጎረቤቶቼ በኋላ እንደነገሩኝ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ታከለን አስረው ወሰዱት።

ያሰሩት በማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። እኔን ጎረቤቶቼ ደግፈው ቡሬ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ጆሮዬን በባትሪ አየና የውስጡ ስስ ቆዳ ተቀዷል አለ። ያጥብና ጠብታ ያደርግ ነበር፤ የተቀደደውን ግን ሊሰፋው አይችልም። በግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ራሴን በሻሽ አስሬ ለታከለ ምግብ ይዤ ሄድኩ። በሩን የሚጠብቀው ሞላ የሚባል ታጣቂ ነበር፤ ያን እሑድ ቤታችን ከመጡት አንዱ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን ሰው ነው። አገልግሉን እንደሚፈትሽ ሆኖ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ አንሾካሸከልኝ። ያንሾካሸከው በግራዬ ነው። ምንም አልሰማሁም። አልሰማሁም ስለው ደንግጦ ዙሪያውን ቃኘ። ቀኜን አዞርኩለት፤ እንደገና ነገረኝ።

የነገረኝ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲገባ በጎረቤት ደብር አንድ ትልቅ ሰው ሞተው ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ቀብር ላይ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይተኩሳል። አያሌውም ምንሽሩን አጉርሶ፣ ወደ ሰማይ አንስቶ ምላጩን ሳበ። አልተኮሰም። እንደገና ልክፈተው ብሎ መቀባበያውን ሲስብ አልከፈት አለው። ሰው ሳቀ። ሐዘን ቤት መሆኑን ረስተው ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያን ጊዜ አያሌው መጀመሪያውንም አላጎረስኩትም፣ ላስመስል ብዬ ነው ብሎ ተናገረ። ሞላና ጓደኞቹ ግን ጥይቷን ሲያጎርሳት በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ጠመንጃ የከፈተው ሰው የለም።

ያን እሑድ ስጠይቀው ታጣቂዎቹ የተያዩት ለዚህ ነበር። ጥይቷን የሚመታው ብረት ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል፤ ያላቀቀው የእኛ ላምባና መዶሻ ነው።

ጥይቷ እዚያ እንዳለች ሰውየው ያውቃል። እያወቀ ባዶ ነው አለኝ። እያወቀ ባሌን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው አለው። ሞላን ይህን ለሕዝብ ተናገርልኝ ብዬ ለመንኩት። አንገቱን ደፋ። ልጆች አሉኝ አለ። ልቀየመው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ቢያንስ እሱ ነግሮኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ ከሾላው ሥር ተደረገ። ታከለ ወደ ቡሬ እንዲላክ የሚወሰነው እዚያ ነው ተብሏል። ሴቶች ዳር ነው የምንቀመጠው፤ አንናገርም። ሊቀመንበሩ ክሱን አሰምቶ ሲጨርስ ተነሣሁ። ሰዉ ሲያጉረመርም የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው፤ ያም ሳይበጀኝ አልቀረም።

ብዙ አልተናገርኩም። በክረምቱ ቀብር ላይ ምላጩ ተስቦ ያልተኮሰው ጠመንጃ ይህ ነው ወይስ ሌላ ነው አልኩ። ያየ ሰው ካለ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይናገር አልኩና ተቀመጥኩ።

ያ ሁሉ በቀብሩ የነበረ ሰው፣ ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ዝም አለ። ሞላ መሬት ያያል። አያሌው ይህች ሴት በድንጋጤ አእምሮዋ ተነክቷል ማለት ሲጀምር በዚያ ቀብር ፍትሐት ያደረሱት አባ ይትባረክ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ያረጁ ቄስ ናቸው። ሊቀመንበሩን በቀጥታ ሐሰተኛ ነህ አላሉትም፤ እንዲህ ያለ ንግግር የሳቸው ወግ አይደለም።

«ያች ጥይት በቀብሩ ላይ ጾማ ነበር» አሉ። «እነታከለ ቤት ገደፈች።»

መግደፍ ጾም መፍታትም ነው፣ መሳሳትም ነው። ማን እንደተሳሳተ ሁሉም ገባው። ከዚያ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አያሌውም ከሰው ጋር ለመመሳሰል ጥርሱን ገለጥ አደረገ። እኔ አልሳቅሁም። አባ ባሌን ከሞት አፍ አውጥተውልኛል፤ እስከ ዛሬ ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ። ነገር ግን የእኔ ጉዳት ጨዋታ የሆነው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው።

ታከለ በማግሥቱ ተፈታ። ማንም ምንም አላለውም፤ በሩን ከፈቱለት፣ ወጣ።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። አብሮ የሚኖር ሰው ተቀያይሞ አይሆንም ተባለ። አያሌውና ታከለ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ተገናኝተው ተሳሳሙ። ሊቀመንበሩ በነገሩ አዝኛለሁ አለ። ጥይት እንዳለ አውቅ ነበር አላለም፤ የጠየቀውም የለም። ለእርቁ የሚሆን ጠላ አንጓች ትጥመቅ ብለው ላኩብኝ። አንጓች እኔ ነኝ። የተጎዳችው አንጓች ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አልነበረም፤ ጠላ ጥመቂ ብሎ የላከ ግን ነበር።

ታከለን ሌላ ጠማቂ ፈልግ አልኩት። ተማጸነኝ። መሬታችን በእጁ ነው፤ ነገ ድንጋያማውን ቢሰጠን የት እንደርሳለን አለኝ። እውነቱን ነው። አውቃለሁ። አልጠመቅሁም። ጎረቤት ጠመቀች።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ ይህ ነው። ሰደፉን ታከለ ጨረሰለት። ደሜ ያልደረቀበት ግንድ ላይ አጋድሞ አዲሱን ዋንዛ ገጠመለት፣ ዝገቱን አጸዳለት፣ ቀለበቱን ቀየረለት። በበዓሉ ቀን አያሌው ምንሽሩን አንግቶ ቡሬ ላይ ተሰለፈ። እንዴት ያለ ሰደፍ ነው ብለው የሌሎች ማኅበራት ሰዎች እንዳደነቁለት ሰማሁ። እኔ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮዬ ነው። ልጆቼ በግራዬ ሆነው ሲጠሩኝ ዝም የምላቸው ይመስላቸው ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ አልፌ እየሄድኩ ኩራተኛ ተብያለሁ። ታከለ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር መንገድ ሲሄድ በቀኜ በኩል ነው። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ደግሞም ራሱን ይቅር አላለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሳላይ መምታት አልነበረብኝም ይላል። አንተ አይደለህም፣ ያታለለህ ሰው ነው ስለው ሊቀመንበሩ ረስቶት ሊሆን ይችላል ይለኛል። በክፉ መጠርጠር አይወድም። ይህ ደግሞ ከጆሮዬ ይበልጥ ያመኛል። ምንም ያላጠፋ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የበደለኛ ኑሮ ሲኖር አጠገቡ ሆኜ አየሁት።

ደርግ ወደቀ። እኛም ልጆች ለማስተማር ብለን ፍኖተ ሰላም ገባን። ከብዙ ዓመት በኋላ ለዘመድ ጥየቃ ቡሬ ሄጄ በገበያ ውስጥ ሳልፍ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ዞር ስል አያሌው ነው። አርጅቷል። ዱላ ይዟል። በግራዬ ሆኖ ጠርቶኝ ስላልመለስኩለት ያኮረፍኩት መስሎታል።

«አሁንም ቂም ይዘሽብኛል እንዴ?» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ አልኩት። ጥይቷ ውስጡ እንዳለች ያውቁ ነበር ወይ አልኩት። ግራና ቀኝ አየ። የሚሰማን ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በገበያው ተጠምዷል። አውቅ ነበር አለ። ባልሽ ባለሙያ ነው፣ ሲሠራ ያየዋል ብዬ ነው አለ።

«እኔስ? ጠይቄዎት አልነበረም?»

«ሰው ፊት ነበራ የጠየቅሽኝ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ወቀሳ ነበረበት። ማዪ ብትሉኝ እምላለሁ። ታጣቂዎቹ የሳቁበትን ነገር እነሱ ፊት አንስቼ ያዋረድኩት እኔ መሆኔ ነው። በቀብር ላይ የተሳቀበትን ሳቅ ለመሸሽ ብሎ እኔን ሊገድለኝ፣ ባሌን ሊያስጨርሰው ደርሶ ነበር፤ አሁንም የሚያስበው ስለዚያው ሳቅ ነው።

ከዚያ ይቅር በይኝ አለ። ያን ጊዜ የነገርኩት እስከ ዛሬ አልጸጸተኝም። ውሸቱን የተናገሩት ሰው ፊት ነው፤ እውነቱን ግን ለእኔ ብቻ በገበያ መሐል እየነገሩኝ ነው አልኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ቆመው ይናገሩ፣ ታከለንም አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅር እላለሁ አልኩት። ዱላውን እያነሳ እየጣለ በሰዉ መካከል ሄደ።

ለታከለ ማታውኑ ነገርኩት። ወጥቶ ደጅ ላይ ቆመ፤ ከጀርባው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ሲል አልሰማሁትም። ይህን ያህል ዓመት ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው እንጅ የሚያንገበግበኝ።

እሑዱ መጣ። የሚጠብቀኝን ሥራ ትቼ ከታከለ ጋር ወደ ድሮው ደብራችን ሄድን። ሰዉ እስኪበተን ግቢው ውስጥ ቆመን ጠበቅን። አያሌው አልመጣም። በሌላውም እሑድ አልመጣም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ ሲሉ ሰማሁ።

አሁን ዘመዶቼ ሰውየው አፈር ሆኗል፣ ይቅር በይው ይሉኛል። ንስሐ አባቴም በጨዋ ደንብ ይመክሩኛል። ለነፍሱ ክፉ አልመኝም። ነገር ግን በዳስ ውስጥ ሰው እየሳቀ፣ ባሌ በማያውቃቸው ልጆች አፍ ሞኝ አናጢ እየተባለ፣ የዋሸው ሰው ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሳ፣ እኔ ብቻ ዝም ብዬ ይቅር ባይ እንድሆን የሚጠየቀው ለምንድነው? ይቅር ማለት አቅቶኝ አይደለም። የበደለኝ ሰው በደሌን በሰው ፊት ሳይናገር ሞተ። እሱ ያልተናገረውን እኔ ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩት። ትንሽ ቀለል ብሎኛል፤ ቁጣዬ ግን አለ።